ከግንዱ ይልቅ ቡቃያውን የቈጠሩ ሰው

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በደቡብ ጎንደር ደጋ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ ብዙ እርሻና ብዙ የግጦሽ መሬት ያያል። ጥቅጥቅ ያለ የአገር ዛፍ ግን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ባለበት ስፍራ ነው። ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባውና ዋንዛው ተጠግቶ የቀረው በዚያ ነውና። የካህኑ መቋሚያ፣ የማኅሌቱ ከበሮ፣ የቤታችን ምሰሶና መዝጊያ፣ እናቶቻችን እንስራ የሚያጥኑበት የወይራ ጭስ ሁሉ ከእነዚህ ዛፎች ወገን የተገኘ ነው። ስለዚህ የእንጨት ጉዳይ የነጋዴና የኩባንያ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ቤተሰብ ጉዳይ ነው።

በእንጨት ሥራ የከበረ ሰው ታሪክ ሲነገር ግን የሚጠየቀው ስንት ዛፍ እንዳስቈረጠና ስንት ሳንቃ እንደ ሸጠ ነው። በዚህ ሥራ በዓለም ከታወቁት አንዱ ፍሬድሪክ ዋየርሃውዘር ነበር። ይህ ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1834 በጀርመን አገር ተወለደ፤ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)። በ1852 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ተቀጠረ፤ በ1860ም ከዘመዱ ጋር ሆኖ የራሱን መሰንጠቂያ ገዛ። በ1900 እርሱ የሚመራው ኩባንያ በዋሽንግተን ግዛት 900,000 ኤከር ደን ገዛ፤ ይህም በእኛ ጋሻ ሲሰላ 9,000 ጋሻ ያህል ነው። ዋየርሃውዘር በ1914 ዐረፈ። ኩባንያው በተቈረጠው መሬት ላይ ደን እንደ እርሻ እየተተካ የሚለማበትን ስፍራ የከፈተው በ1941፣ መሥራቹ ከሞተ ከ27 ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ በመጋዝ የከበረው ቤት እንኳ በመጨረሻ ፊቱን ወደ ቡቃያው መልሷል። መዘግየቱን የቻለው ግን መሬቱ እጅግ ሰፊ ስለ ነበረ ነው። በእኛ ደጋ የቀረው ደን ጥቂት በመሆኑ ለመዘግየት ጊዜ የለንም።

ይህን አስቀድመው ከተረዱት የአገራችን ሰዎች አንዱ የደን ሊቅ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ ናቸው። ብዙ አንባቢ «እመጓ» የተባለውን መጽሐፍ በመጻፋቸው ያውቃቸዋል፤ የሙያ ሕይወታቸው ግን ከደቡብ ጎንደር አጥቢያዎች ደን ጋር የተሳሰረ ነው። በ2002 በስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ያቀረቡት ጽሑፍ ስለዚሁ ደን ነበር። በ2007ም በኔዘርላንድ፣ በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ያገኙበት ጥናት ያንኑ የሚያሰፋ ነው። የባሕር ማዶውን ትምህርት ይዘው የተመለሱት የገበሬው አጥቢያ ወደሚሳለመው ደጅ ነው።

እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ28 አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለውን ደን መረመሩ። ስፍራዎቹ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር እስከ 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላቸው ናቸው፤ ስፋታቸውም ከሁለት ሄክታር ከማይሞላው እስከ 100 ሄክታር ይደርሳል። በእነዚህ ሁሉ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ ተቈጠረ። ይህ የአባቶቻችንን ጥበቃ የሚያስመሰግን ነው።

ነገር ግን ሊቁ ቀና ብለው ግንዱን ብቻ አልተመለከቱም፤ ጐንበስ ብለው ከዛፉ ሥር ያለውንም መረመሩ። በዚያም የሚያሳዝን ነገር ተገኘ። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ሳሉ የሚተካቸው ቡቃያ በብዙ ስፍራ እጅግ አነስተኛ ነው። ምክንያቱም ብዙ ነው። ከዛፉ የረገፈውን ዘር አይጥና ሌላው አውሬ ይበላዋል። ከዚያ ተርፎ የበቀለውን ከብት ይግጠዋል፣ ይረግጠዋልም። ለሙከራ በታጠረና ባልታጠረ ቦታ ዘር ተዘርቶ፣ ችግኝም ተተክሎ ሲታይ፣ ከብት ያልገባበት ቡቃያ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል።

ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ ሰው «ዛፉ ቢወድቅ ዘሩ በአፈር ውስጥ ስላለ ይበቅላል» ይላል። አፈሩ በተመረመረ ጊዜ ግን የብዙዎቹ የአገር ዛፎች ዘር በምድር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተቀብሮ የሚቈይ ሆኖ አልተገኘም። እንግዲህ እናት ዛፍ ከጠፋች ምድሪቱ መልሳ የምትሰጠን ነገር የለም ማለት ነው። ልጅ የሌለበት ቤት ሽማግሌዎቹ እስካሉ ድረስ ሙሉ ይመስላል፤ ባዶነቱ የሚታወቀው እነርሱ ሲያልፉ ነው። ደኑም እንዲሁ ነው።

ዶክተር ዓለማየሁ ጥናቱን ጽፈው በመደርደሪያ አላስቀመጡትም። ሜግ ሎውማን ከተባሉ አሜሪካዊት የደን ተመራማሪ ጋር በመተባበር፣ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር እየተመካከሩ በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አደረጉ። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ የሚለቀም ስለ ሆነ ደኑ ሲታጠር እርሻውም ይጸዳል። ሥራው የሚሻው ሁሉም የሚያውቀውን የካብ ጥበብና የአጥቢያውን ጕልበት ነው።

ይሁን እንጂ ካብ ብቻውን አይበቃም። ቤተሰብ የሚያነደውና የሚሠራበት እንጨት ያስፈልገዋልና። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ሲቈረጥ ከጕቶው እንደገና ያቈጠቍጣል፤ ዛሬ በደቡብ ጎንደር ለብዙ ገበሬ የማገርና የገንዘብ ምንጭ ነው። እርሱ በየማሳው ዳርቻ ሲተከል ጥዱንና ወይራውን ከመጥረቢያ ያሳርፋል። በአገር ዛፎች መካከል ከቅጥሩ ውስጥ ቢተከል ግን የእነርሱን ስፍራና ውኃ ይሻማል። እያንዳንዱ ተክል በየቦታው ይሁን።

ውድ አንባቢያን፣ በሚመጣው ሰንበት ከቅዳሴ ስትወጡ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከአንድ ትልቅ ጥድ ሥር ቁሙ። ግንዱን አይታችሁ ካደነቃችሁ በኋላ ወደ ምድር ተመልከቱና ቡቃያውን ቍጠሩ። ምንም ካጣችሁ ነገሩን ለአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ አስረዱ፤ ካቡን ለመካብ የመጀመሪያውን ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣውም ከእናንተ ቤት ይሁን።