ኳስና ዘፈን አንድ ቤት አያድሩም ያለው ማነው?

ሰሞኑን ግሽ አባይ ሰፈር ከአንዲት ቡና ቤት ደጃፍ ቁጭ ብያለሁ። ባሕር ዳር ሲመሽ ከጣና በኩል የሚመጣው ነፋስ ደስ ይላል። አንድ የሰፈራችን ልጅ መጣና አጠገቤ ዱብ አለ። ዕድሜው 19 ነው። ጠዋት ኳስ ይለማመዳል፣ ማታ ሠርግ ቤት ኪቦርድ እየመታ ይዘፍናል። ፊቱ ጠቁሯል።

«ጋሼ» አለኝ (ገና ሠላሳ እንኳ አልሞላኝም!)፣ «አሰልጣኜ እስከ ቅዳሜ ወይ ኳሱን ወይ ዘፈኑን ምረጥ አለኝ። አባባ ደግሞ በዘራችን አዝማሪ የለም ብሎ አኮረፈኝ። ምን ይሻለኛል?»

እናንተዬ፣ ምን ልበለው?

መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ኬቪን ዎከር የሚባል ስዊድናዊ ነው። የመሀል ሜዳ ተጫዋች ነበር። ሱንድስቫል ለሚባል ክለብ እየተጫወተ ሳለ በአገሩ የአይዶል ውድድር ገባ። የእኛን አገር አይዶል የምታስታውሱ ነገሩ ይገባችኋል። በ2006 ዓ.ም.፣ በ24 ዓመቱ አሸነፈ! ታዲያ ጫማውን ሰቀለ? የለም። አልበሙንም አወጣ፣ ኳሱንም ቀጠለ፤ ኋላም ለስቶክሆልሙ ዩርጎርደን ተጫወተ። ወጣትነቱን ሙሉ የለፋበትን ሙያ ለአንድ ዋንጫ ብሎ አልጣለም።

ሁለተኛው ሁሊዮ ኢግሌሲያስ ነው። ይህ የዓለም ዘፋኝ በልጅነቱ የሪያል ማድሪድ ወጣት ቡድን በረኛ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ የመኪና አደጋ አልጋ ላይ ጣለው። ኳሱ ቀረ። ጊታር የለመደው እዚያው አልጋ ላይ ሆኖ ነው። እግር እንዲህ ናት፤ ዛሬ አለች፣ ነገ የለችም።

ልጁ ትንሽ ፈካ አለና «አባባንስ?» አለኝ። እዚህ ላይ ሆዴ ባባ። እኔም 12ኛ ክፍል ጨርሼ ክራር ስማር አንድ ዘመዴ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። በአንድ ሳቅ ክራሩን ሰቀልኩት። እስከ ዛሬ አቧራ ይጠጣል።

ስለዚህ አባቱ ዘንድ አብሬው ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ነበር። ዘፈኑን ትቼ ከኳሱ ጀመርኩ።

«አባባ፣ ይድነቃቸው ተሰማን ያውቋቸዋል?»

«እንዴት አላውቃቸውም!»

ማን የማያውቃቸው አለ? የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ፣ በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው ቡድናችን አሰልጣኝ፣ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት።

«የማን ልጅ እንደሆኑስ?»

ዝም አሉ። የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው። ነጋድራስ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ የመኪና ሙያ ሊማሩ ጀርመን ተልከው እዚያው ዘፈናቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ናቸው። ዘፈን በሸክላ በማስቀረጽ ለአገራችን ፈር ቀዳጅ ናቸው። አባት ዘፈነ፣ ልጅ ኳስ ተጫወተ፤ ያ ቤት ተከበረ እንጂ መቼ ተዋረደ?

ሰውየው ሲኒውን አስቀመጡ።

«ነጋድራስ ነው ያልከኝ?»

«አዎ፣ ነጋድራስ።»

ልጃቸውን ገልመጥ አደረጉት። «ኪቦርዱን እቤት ነው የምታጠናው። ውጭ እያመሸህ ጠዋት ልምምድ እንዳታረፍድ!»

እኔም ለልጁ ይህንኑ ነው የመከርኩት። አሰልጣኙ የጠሉት ዘፈኑን ሳይሆን እንቅልፍ ያጣ እግር ይሆናል። ስለዚህ ጨዋታ ባለበት ሳምንት ሠርግ አትቀበል፣ ይህንንም ቅዳሜ ሳይደርስ ቀርበህ ንገራቸው። ጊዜ አልበቃ ካለህ ያን ጊዜ ምረጥ። ግን ሰው ሳቀብኝ ብለህ አትምረጥ።

እኔ? ክራሩን ከግድግዳው አውርጄዋለሁ። ክሩ ተበጥሷል። አዲስ እገዛለሁ።