እስክንድርያ፦ ባሕር ዳር ተቀምጣ ዓባይን የምትጠጣው ከተማ

ግብጽ ሄጄ መጣሁ ስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ፒራሚዱን አየሽው?» አዎ፣ አይቻለሁ። ግመሉም፣ አሸዋውም፣ «ሲስተር፣ ፎቶ ላንሳሽ» እያለ እግር በእግር የሚከተለው ልጅም ሁሉም ቦታቸው ላይ ናቸው። ስልኬን ከፍታችሁ ብታዩት ግን ከፒራሚዱ ፎቶ በብዙ የሚበልጠው የእስክንድርያ ነው። ስሟን ከፊልም በፊት ከስንክሳር የሰማናት ከተማ። ከግብጽ ከተሞች ሁሉ ለኢትዮጵያዊ ብዙ የምታወራው እሷ ናት ባይ ነኝ፤ ቱሪስቱ ግን ካይሮ ላይ ሁለት ቀን፣ ሉክሶር ላይ ሁለት ቀን ይቆይና እሷን ዘሏት ይሄዳል።

ከካይሮ ራምሲስ ባቡር ጣቢያ እስክንድርያ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የሄድኩት ባለፈው ኅዳር፣ ካይሮ ለዓመታት ከኖረችው የአክስቴ ልጅ ጋር ነው። ዓረብኛው የእሷ ነው፤ የእኔ «ሹክረን» ላይ ያልቃል። ባቡሩ ውስጥ አንድ ምክር ሰጠችኝ። «ከየት ነሽ ሲሉሽ 'ሐበሻ' በይ እንጂ 'ኢትዮጵያ' አትበይ። ሐበሻ ስትይ ነጃሺን ያስባሉ፣ ኢትዮጵያ ስትይ ግድቡን።» ሳቅን። በመስኮቱ በኩል የሚታየው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ከካይሮ እስከ እስክንድርያ አረንጓዴ ነው፤ ጎመን፣ በርሲም የሚባለው የከብት መኖ፣ የብርቱካን ዛፍ፣ በየመቶ ሜትሩ የመስኖ ቦይ። ዝናብ በሌለበት አገር ይህ ሁሉ ልምላሜ ከየት እንደመጣ ለጎጃም ልጅ አይነገራትም።

ከባቡር እንደወረድን ታክሲ ያዝን፤ ጥቁርና ቢጫ ቀለም የተቀባ አሮጌ መኪና ነው። ቀጥታ ወደ ኮርኒሽ። ኮርኒሽ ማለት ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ከባሕሩ ጋር የሚያዋስናት ረጅም ጎዳና ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ጣናን «ባሕር» ብሎ ያደገ ሰው እውነተኛ ባሕር ሲያይ የሚፈልገው ማዶውን ነው። ማዶ የለውም! ዓይኔ ዝም ብሎ ማዶ ሲፈልግ ቆየ። ከዚያ ወርጄ ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት። የአክስቴ ልጅ ይህን በቪዲዮ ቀርጻ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ለጥፋዋለች፤ እስካሁን ይሳቅብኛል።

እስክንድርያ በበጋ ግብጻውያን ከካይሮ ሙቀት ሸሽተው የሚመጡባት መዝናኛ ናት። በኅዳር ግን ከተማዋ ለነዋሪዎቿ ትመለሳለች። አልጋ ይረክሳል፣ ባሕሩ ደግሞ መናደድ ይጀምራል። የክረምቱን ማዕበሎች «ነዋ» ይሏቸዋል፤ እያንዳንዳቸው ስምና የቀን ቀጠሮ አላቸው። በኅዳር ወር የሚመጣው «መክነሳ»፣ ማለትም «መጥረጊያው» ይባላል። ከተማዋን ይጠርጋታል ማለታቸው ነው። እኛስ ኅዳር 12 ሰፈሩን ጠርገን ቆሻሻውን እናቃጥል የለ? እነሱ ሥራውን ለባሕሩ ሰጥተውታል።

ከኮርኒሹ ላይ ያልወደድኩት አንድ ነገር አለ። ረጅሙ የባሕር ዳር በካፌና በሬስቶራንት እየታጠረ ነው። ባሕሩን ለማየት ቡና ማዘዝ የሚያስፈልግበት ቦታ ብዙ ነው። ነዋሪውም በዚህ ሲማረር ሰምቻለሁ፤ ባሕሩ ካፌው ባልደረሰበት ቦታ ሁሉ ዓሣ አጥማጆች፣ ጥንዶች፣ ፈተና የሚያጠኑ ተማሪዎች ግንቡ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ከግንቡ በታች ደግሞ ማዕበሉን ለመስበር የተጣሉ ትልልቅ የሲሚንቶ ብሎኬቶች አሉ። ባሕሩ ከፍ እያለ ነው፣ መሬቷ ቀስ እያለች ዝቅ እያለች ነው። ብሎኬቶቹ ለፎቶ አያምሩም፤ ያለ እነሱ ግን መንገዱም አይኖርም።

በኮርኒሹ ምዕራባዊ ጫፍ የቃይትባይ ምሽግ አለ። ሱልጣን ቃይትባይ እ.ኤ.አ. ከ1477 እስከ 1479 ያሠራው ነው። ነገር ግን ሰው የሚሄደው ለምሽጉ ብቻ አይደለም፤ ከሰባቱ የጥንቱ ዓለም ድንቆች አንዱ የነበረው የፋሮስ የመብራት ማማ የቆመው እዚሁ ቦታ ላይ ስለነበር ነው። ከ100 ሜትር በላይ ከፍታ ነበረው ይባላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ተሠርቶ፣ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ መርከብ ሲመራ ቆይቶ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የመሬት መንቀጥቀጥ ጨረሰው። ሱልጣኑ ፍርስራሹን ለምሽጉ ተጠቀመበት፤ የቀረው ባሕር ገባ። ከ1994 ጀምሮ ጠላቂዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ድንጋዮችና ሐውልቶች ከባሕሩ ሥር አግኝተዋል። በ2025 ደግሞ 22 ግዙፍ ድንጋዮችን አንስተው ስካን ማድረግ ጀምረዋል፤ ማማውን በኮምፒውተር መልሶ ለማቆም። እስክንድርያ እንዲህ ናት፤ ዝነኛ ያደረጓት ነገሮች ሁሉ የሉም። ማማው የለም፣ የጥንቱ ቤተ መጻሕፍት የለም፣ ከተማዋን በ331 ከክርስቶስ ልደት በፊት የቆረቆራት የታላቁ እስክንድር መቃብርም እስከ ዛሬ አልተገኘም። ያለው ግን ይበቃል።

ሆድ ሲጠይቅ የእስክንድርያ መልስ ሁለት ነው፤ ዓሣ ወይም ጉበት። ዓሣ ቤቱ ውስጥ በረዶ ላይ ከተደረደረው መርጣችሁ በኪሎ ታስመዝናላችሁ፣ እንዴት ይሠራ እንደሆነ ትነግራላችሁ፣ ከዚያ ትጠብቃላችሁ። ጥሩ ነው፣ ግን ኪስ ይነካል። እኔ የምለው «ከብዳ» ነው። በቀጭኑ የተከተፈ ጉበት በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ተጠብሶ ዳቦ ውስጥ ይገባል፤ መንገድ ላይ ቆማችሁ ትበሉታላችሁ። ዱለት ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ሻጩ «ያቃጥላል፣ ተጠንቀቂ» ሲለኝ የአክስቴ ልጅ ሳቋን መያዝ አቃታት።

አዲሱ ቤተ መጻሕፍት በጥቅምት 2002 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተ፣ ወደ ባሕሩ ያዘነበለ ትልቅ ክብ ሕንፃ ነው፤ ከሩቅ ሲታይ ከውሃ እየወጣች ያለች ፀሐይ ይመስላል። የውጭው የግራናይት ግድግዳ ላይ ከ120 የዓለም የጽሕፈት ዓይነቶች የተወሰዱ ፊደላት ተቀርጸውበታል። ውስጡ የንባብ አዳራሹ እንደ ደረጃ እርከን እርከኑን እየወረደ፣ ሁለት ሺህ ያህል አንባቢ ያስቀምጣል፤ እኔ በሄድኩበት ቀን ግማሹ ላፕቶፕ ይዞ ዋይፋይ ላይ ነበር። ስለ ጥንቱ ቤተ መጻሕፍት ከሰማሁት ሁሉ የምወደው ይህን ነው፦ ወደብ የገባ መርከብ ሁሉ ይፈተሽ ነበር አሉ፤ ወርቅ ሳይሆን መጽሐፍ ፍለጋ። የተገኘው መጽሐፍ ይወሰዳል፣ ይገለበጣል፣ ከዚያ ዋናው እዚያው ይቀርና ባለቤቱ ግልባጩን ይቀበላል። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳችሁ ኦሪጅናሉን ሲያስቀሩባችሁ አስቡት።

ወደ ከተማዋ ውስጥ ገባ ሲባል የ«ፖምፔ ዓምድ» አለ። ስሙ ስህተት ነው፤ ከፖምፔ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ከአስዋን የመጣ ቀይ ግራናይት ነው፣ እስከ አናቱ ወደ 27 ሜትር ይደርሳል፣ መካከለኛው ግንድ ደግሞ አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። የቆመው ለሮማው ንጉሠ ነገሥት ለዲዮቅልጥያኖስ ክብር፣ በ300 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ዲዮቅልጥያኖስ! ይህን ስም ሰንበት ትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። የግብጽ ክርስቲያኖች በደረሰባቸው ግፍ ምክንያት ዘመናቸውን የሚቆጥሩት እሱ ከነገሠበት ከ284 ጀምሮ ነው፤ በባሕረ ሐሳባችንም «ዓመተ ሰማዕታት» የምንለው ይኸው ነው። አዲስ ዓመታቸው ደግሞ ከእንቁጣጣሽ ጋር በአንድ ቀን ይውላል። ግፉን የማይረሱት ሰዎች ከተማ መሃል የግፈኛው ዓምድ እስከ ዛሬ ቆሞ ሕፃናት ሥሩ ድመት ያባርራሉ።

ከዚያ ትንሽ እንደሄዳችሁ ኮም ኤል ሹቃፋ የሚባለው የመሬት ውስጥ መቃብር አለ። በ1900 አህያ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ተገኘ ይላሉ። 99 ደረጃ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ኔትወርክ ረሱት። ታች የውሻ ራስ ያለው የግብጽ አምላክ አኑቢስ የሮማ ወታደር ልብስ ለብሶ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። ለሙታን መታሰቢያ ግብዣ የሚደረግበት፣ ከድንጋይ የተጠረቡ መደቦች ያሉበት ክፍልም አለ። ተዝካር የትም አገር ተዝካር ነው።

የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ግን ለእኔ ከሁሉም ይለያል። የተወለድኩት ደብረ ማርቆስ ነው። ከተማችን ድሮ መንቆረር ነበር ስሟ፤ የማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሲተከል ነው ስሟ የተቀየረው። ማርቆስ ደግሞ የእስክንድርያን ቤተ ክርስቲያን እንደመሠረተ የሚነገርለት ወንጌላዊ ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ፍሬምናጦስ፣ አባ ሰላማ የምንለው፣ እዚህ መጥቶ ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ወደ 1600 ዓመት ገደማ የኢትዮጵያ ጳጳስ ከግብጽ ሲላክ ኖረ። ኢትዮጵያዊው አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ የሆኑት በ1943፣ ፓትርያርክ የሆኑት በ1951 ዓ.ም. ነው። አያቴ ስትወለድ ጳጳሳችን ግብጻዊ ነበር ማለት ነው።

በሩ ላይ ጥብቅ ፍተሻ አለ። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የሆሳዕና ዕለት አጥፍቶ ጠፊ እዚህ በር ላይ ብዙ ሰው ገድሏል። ጠባቂው ፓስፖርቴን አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየ፣ «ኢስዩብያ» አለ። የአክስቴ ልጅ ምክር እዚህ አይሠራም፤ ፓስፖርት 'ሐበሻ' አይልም። እጁን ገልብጦ የእጅ አንጓው ላይ የተነቀሰውን ትንሽ መስቀል አሳየኝና አሳለፈን። ውስጥ አንዲት አሮጊት አጠገቤ ተቀምጠው ነጠላዬን በጣታቸው ሲዳስሱ ቆዩ። ምንም አላሉም።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። ከተማዋ የተቀመጠችው ጨው ባሕር ላይ ነው፤ የሚጠጣው ግን ሁልጊዜም ከናይል ነው። በጥንት ጊዜ ቦይ ተቆፍሮ፣ የናይል ሙላት በክረምቱ መጨረሻ ሲደርስ ከመሬት ሥር ባሉ ማጠራቀሚያዎች ይሞላ ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ፤ «ነቢህ» የሚባለው አንዱ ባለ ሦስት ፎቅ ሆኖ ከሥር ዛሬም አለ። ያ ሙላት ደግሞ የእኛ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ዩልየስ ቄሣር ከተማዋ ውስጥ በተከበበ ጊዜ፣ ከ2000 ዓመት በፊት፣ እስክንድርያውያን የባሕር ውሃ ወደ መጠጥ ውሃው ቦይ ለቀው ወታደሮቹን በጥማት ሊያስወጡ ሞክረዋል። ቄሣር ጉድጓድ አስቆፍሮ አመለጠ። የውሃ ፖለቲካ በእኛ ዘመን የተጀመረ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ያንብብ። በ1820 የተጠናቀቀው የመሕሙድያ ቦይም ያኔ ሲቆፈር በሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች ሞተውበታል፤ ዛሬ ከፊሉ ተሸፍኖ ሰፊ አስፋልት ሆኗል።

በዚያ አስፋልት ላይ ነው የመጨረሻው ቀን ታክሲ ነጂያችን የጠየቀን። ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ መስታወቱ ላይ መቁጠሪያ ያንጠለጠለ ሰው ነው። «ከየት ናችሁ?» የአክስቴ ልጅ «ሐበሻ» አለች። «ኢስዩብያ!» አለ ወዲያው። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ «ሰዱ ሞላ?» አለ። ሰድ ግድብ ነው። ግድቡ ጳጉሜን 2017 ላይ ተመርቆ ገና ሁለት ወሩ ነበር።

«ሞልቷል» አለች።

«እኛስ ምን እንጠጣ?» አለ፤ አልጮኸም፣ አልሳቀምም። በመስኮቱ ወደ አስፋልቱ እያሳየ፣ አያቱ እዚህ ቦይ ላይ በጀልባ እህል ያመላልሱ እንደነበር ነገረን። ምን ይመለስለታል? «ውሃው እየመጣ ነው» ማለት ይቻላል። «እናቴ ጀርካን ተሸክማ ነው ያደገችው፣ መብራት የሌለው ቤት ነው የተወለድኩት» ማለትም ይቻላል፤ ሁለቱም እውነት ነው። የአክስቴ ልጅ ሁለቱንም አለችለት። ራሱን ነቀነቀ፤ መስማማት ይሁን አለመስማማት አላወቅሁም።

እኔ ስልኬን አወጣሁ። ነሐሴ ላይ ደብረ ማርቆስ እናቴ ደጅ የቀረጽኩት የዝናብ ቪዲዮ ነበረኝ፤ ቆርቆሮው ሲንጫጫ፣ ግቢው ወንዝ ሲሆን፣ እማዬ «ኧረ ልብሱን አስገቢ!» ስትል ይሰማል። ሰጠሁት። ቀይ መብራት ላይ አየው። ደገመው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሠለሰው፤ አረንጓዴ በርቶ ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባውን ነፋ።

«ይኼ ሁሉ በየዓመቱ ነው?» አለ።

«በየዓመቱ።»

ዋትሳፕ ቁጥሩን ነገረን፣ ላክሁለት። ባቡር ጣቢያ ስናደርስ ግን ከሂሳቡ አንድ ፓውንድ አልቀነሰልንም።