ስለ ሣር ሜዳና ስለ ሐረር ውኃ

አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባሠሩት የጁገል ቅጥር ውስጥ፣ ጠባቦቹን መንገዶች ይዞ ከግቢ ወደ ግቢ የሚዘዋወር ሰው፣ ድንጋይ የተነጠፈ ደጅ፣ በጥግ የቆመ ዛፍ፣ በጣሳ የተተከለ ጤና አዳም ያገኝ እንደ ሆነ እንጂ የሣር ሜዳ አያገኝም፤ ቡናውና ፍራፍሬው ከቅጥሩ ውጭ ባለው የአትክልት መሬት ይለማ ነበርና። ከበሮቹ ውጭ በተስፋፋው አዲስ ከተማ ግን፣ በሆቴሉም በመሥሪያ ቤቱም፣ በባለጸጋውም ቤት ፊት፣ በጋ ከክረምት ሳይለይ እንዲለመልም የሚፈለግ ሣር መዘርጋት እንደ ክብርና እንደ ሥልጣኔ ይቈጠራል።

የዚህ ክብር ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ሒሳቡ ይመሰክራል። ዕፀዋት ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር ለመቀበል በቅጠላቸው ላይ ያሉትን ረቂቃን ቀዳዳዎች ይከፍታሉ፤ ቀዳዳዎቹ በተከፈቱ ቍጥር ደግሞ ከሥር የተሳበው ውኃ ተን ሆኖ ወደ ሰማይ ይወጣል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው መመሪያ፣ የአዝርዕትን ሁሉ የውኃ ፍላጎት ለማስላት መነሻ ያደረገው ቁመቱ 12 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ውኃ የማይጓደልበት ሣር ነው። በደጋና በወይና ደጋ አገራችን፣ በበጋው ፀሐይና ነፋስ፣ እንዲህ ያለው ሣር በቀን ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ያህል ውኃ ቢያጠፋ አያስደንቅም። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊሜትር ማለት አንድ ሊትር ነውና፣ 100 ካሬ ሜትር የሆነ ሜዳ በየዕለቱ ከ300 እስከ 400 ሊትር፣ ይኸውም ከ15 እስከ 20 ጀሪካን ይጠጣል።

ያም ውኃ ለሐረር በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ከተማዪቱ ለብዙ ዘመን የጠጣችው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር፤ ሐይቁ ግን በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ደርቆ፣ ታንኳ ይቀዝፍበት በነበረው ስፍራ ከብት ተሰማራበት። ሐረማያን ያደረቀው የግቢ ሣር ነው ብዬ አልከስስም፤ ለጫትና ለአትክልት መስኖ ያለ ልክ የተሳበው ውኃ፣ ከተራቈተው ኮረብታ የወረደው ደለል፣ የከተሞቹም ፍጆታ ተባብረው ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ውኃው ተመልሶ መታየቱ ደስ ያሰኛል፤ ዳሩ ግን ሐይቁ ከደረቀ በኋላ ሐረር ፊቷን ወደ ቆላ አዙራ፣ በድሬዳዋ አቅራቢያ ከሚገኙት የድሬ ጃራ ጉድጓዶች በረጅም ቧንቧ መቅዳት ግድ ሆኖባታል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ600 ሜትር በላይ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 600 ሜትር ሽቅብ ለማንሣት፣ የፓምፑ ብክነትና የቧንቧው ፍትጊያ ሳይታሰብ፣ 1.6 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈጃል፤ ስለዚህ ከዚያ መጥቶ በሐረር ሣር ላይ የሚረጨው እያንዳንዱ ሊትር ተራራ የወጣ ሊትር ነው።

ከእኛ ይልቅ እጅግ የደረቀ ምድር ያላት፣ በዓመት 100 ሚሊሜትር ያህል ዝናብ ብቻ የምታገኘው የአሜሪካዪቱ ላስ ቬጋስ፣ ይህን ነገር በገንዘብ ተርጕማ መፍትሔ አበጅታለታለች። የውኃ ባለሥልጣኑ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ፣ ሣሩን ነቅሎ በረሓውን የሚችል ተክል ለሚተክል ባለቤት ተመላሽ ገንዘብ ይከፍላል፤ ክፍያውም ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ካሬ ጫማ 3 ዶላር፣ ማለት ለአንድ ካሬ ሜትር 32 ዶላር ያህል ደርሶ ነበር። በዚያ በተደረገው ጥናት ሣር በአንድ ካሬ ሜትር በዓመት 3,000 ሊትር ያህል ሲፈጅ፣ የተተካው አትክልት 700 ያህል ብቻ ፈጅቷል። እኔን ከሁሉ ይልቅ የማረከኝ ግን አንዱ ግዴታ ነው፦ ተክሎቹ ባደጉ ጊዜ የቦታውን ግማሽ እንዲሸፍኑ ያዝዛል። ሣሩን ነቅሎ ጠጠር ብቻ የሚያፈስስ ሰው ውኃ ያተርፍ ይሆናል፤ ነገር ግን ደጁን ምጣድ ያደርገዋል።

ሐረርጌ ለዚህ የሚሆን ተክል ከሩቅ አታስመጣም። የሬት ቅጠል በቢላዋ ቢቈረጥ መጀመሪያ ቢጫው መራራ ፈሳሽ ይወርዳል፤ ከሥሩም ውኃ ያቈረ፣ እንደ መስተዋት የጠራ ልምጭምጭ ሥጋ ይታያል። ሬት ከብዙዎቹ ዕፀዋት ተለይቶ ቀዳዳዎቹን በቀን ዘግቶ በሌሊቱ ቅዝቃዜ ይከፍታል፤ በጨለማ የተቀበለውን ካርቦን አሲድ አድርጎ አኑሮ፣ ፀሐይ ስትወጣ ደጁን እንደ ዘጋ ምግቡን ይሠራበታል። በአገራችን ብቻ የሚበቅለውና ሳይንሳዊ ስሙ አሎ ሐርላና የተባለው የሬት ዓይነት የሐረርጌ ተወላጅ ነው። ክትክታ ለአጥር፣ ወይራ ለጥላ ይሆናሉ። ሣር የግድ ካስፈለገም ሰርዶ አለ፤ በበጋ ይገረጣል፣ ዝናብ ሲነካው ያቈጠቍጣል። ጥፋቱ ያለው በሣሩ ላይ ሳይሆን፣ በጥር ወር እንደ ነሐሴ አረንጓዴ ሁን ብለን በምንጭንበት ትእዛዝ ላይ ነው።

ታዲያ ሐረር የላስ ቬጋስን ሥርዐት እንዳለ ትቅዳ ማለት አይገባም። በእኛ ዘንድ ሰፊ ሣር ያለው ሰው በአብዛኛው ባለሀብት ነው፤ ውኃ በፈረቃ በሚታደልበትና እናቶች ጀሪካን ይዘው በሚሰለፉበት ከተማ የሕዝብን ገንዘብ ለእርሱ መክፈል ፍትሕ ይጐድለዋል። የሚሻለው ሆቴሎችና መሥሪያ ቤቶች አስቀድመው ያለ ክፍያ ሣራቸውን እንዲለውጡ ማድረግ፣ ለመኖሪያ ቤት ባለቤቶች ደግሞ ከችግኝ ጣቢያ ችግኝ በነጻ መስጠትና ከውኃ ሒሳባቸው ጥቂት መቀነስ፣ የተረፈውንም ውኃ ወደ ቦኖዎቹ መምራት ነው። ሥራው መጀመር ያለበትም ክረምቱ ሲገባ፣ በሰኔ መጨረሻ ነው፤ አገር በቀል ነው ተብሎ ችግኙ በመጀመሪያው በጋ ቢተው ይደርቃልና፣ ሥሩ እስኪሰድ ድረስ በሳምንት አንድ ጊዜ በደንብ ማጠጣት፣ ግርጌውን በገለባ ወይም በደረቀ ቅጠል ማልበስ፣ በሁለተኛው በጋ ውኃውን በግማሽ መቀነስ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ለክረምቱ ዝናብ መተው ይበቃል።