የፈረስ ስም፦ ጌታና አሽከር የተጋሩት ቃል

የቋራው ካሳ፣ በኋላ አጼ ቴዎድሮስ፣ «አባ ታጠቅ» ይባሉ ነበር። መተማ ላይ የወደቁት አጼ ዮሐንስ አራተኛ ደግሞ «አባ በዝብዝ»። ከሁለቱም ስም ጋር ለመተዋወቅ ከምዕራብ ጎንደር ቆላ መነሣት ይገባል፤ አንዱ የተወለዱት፣ ሌላው የሞቱት እዚያ ነውና።

የፈረስ ስም ከጦር ፈረስ ይወጣ ነበር። «አባ» ይቀደምበትና የባለቤቱ መጠሪያ ይሆን ነበር። አንዳንዱ ትእዛዝ ነው፤ ታጠቅ፣ በዝብዝ፣ የአጼ ኃይለ ሥላሴም ጠቅል።

ስሙን ግን አብዝቶ ይጠራ የነበረው ከባለቤቱ ይልቅ አሽከሩ ነው። ሲፎክር «የአባ ታጠቅ አሽከር!» ብሎ ይነሣ ነበር። በጌታው ስም ይኮራ፣ በዚያው ስም ይሞት ነበር፤ ጌታውም በስሙ የመጣውን ሰው ማብላትና መሾም ይጠበቅበት ነበር። ለእኔ የፈረስ ስም ትልቁ ቁም ነገር ይህ መተሳሰር ነው።

መተሳሰሩ ግን ገበሬውን አይጨምርም ነበር። ደመወዝ ያልነበረው ጦር ይበላ የነበረው ከባላገር ጎተራ ነው። በ1881 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሊቀጡ ጎጃም ሲገቡ ባላገሩ «በዝብዝ» የተባለውን ትእዛዝ በጎተራው አየው። ይህን ሳይናገሩ ስሙን ብቻ ማወደስ ተገቢ አይመስለኝም።

ከጎጃም ጦሩ ወደ መተማ ወረደ፤ የሱዳን ማህዲስቶች በ1880 ጎንደርን አቃጥለው ነበርና። መጋቢት 1 ቀን 1881 የኢትዮጵያ ጦር የማህዲስቶቹን ቅጥር ሰብሮ ድል እጁ ሊገባ ሲል ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ፤ ሠራዊቱም ተበተነ። ጥቂቶች ግን የንጉሠ ነገሥቱን አስከሬን ይዘው ሄዱ። አትባራ ወንዝ አጠገብ ማህዲስቶች ሲደርሱባቸው የንጉሠ ነገሥቱ አጎት ራስ አርአያ አስከሬኑን ሲከላከሉ ወደቁ። የድንበሯ ከተማ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች፤ የያዘችው ግን የአጼ ዮሐንስን የንግሥና ስም እንጂ የፈረስ ስማቸውን አይደለም።

የፈረስ ስም ከዘውዱ በላይ ዕድሜ አግኝቷል። በ1943 ወደ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ የተሰየመው በራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። አጼ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን ያወረደው ደርግ እንኳ በ1969 የሚሊሺያ ማሠልጠኛውን ታጠቅ አለው።