የደም ሕዋሳት ቆጠራና የሂሳብ ሞዴል

በደብረ ማርቆስ ከተማም ሆነ በጮቄ ተራራ ግርጌ በሚገኝ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት የተማሪዎች ቁጥር ሁለት ዓመት በተከታታይ 800 ሆኖ ተመዘገበ እንበል። ይህ አኃዝ ብቻውን የሚነግረን ጥቂት ነው። አዲስ የሚገቡት ጥቂት፣ የሚያቋርጡትም ጥቂት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ወይም ብዙዎች እየገቡ ብዙዎች ያቋርጡ ይሆናል። የመጀመሪያው የምዝገባ ችግር ሲሆን ሁለተኛው የማቋረጥ ችግር ስለሆነ መፍትሔያቸው ይለያያል። የሰውነትን የመከላከያ ኃይል የሚያጠኑ ሊቃውንት በሂሳብ ሞዴል የሚገለገሉበት አንዱ ዋና ምክንያትም ይኸው ነው።

ሞዴል ማለት ከተፈጥሮ ውስብስብነት ውስጥ ዋና ዋናውን መርጦ በቀመር መግለጽ ነው። የመከላከያውን ሥራ ከሚመሩት ነጭ የደም ሕዋሳት መካከል ሲዲ4 የሚባሉትን ብንወስድ፣ የነገው ብዛት በዛሬው ላይ የሚገቡት ተደምረው የሚጠፉት ሲቀነሱ ይገኛል። ለትምህርት ያህል በየቀኑ 10 ሕዋሳት ይገባሉ፣ ካሉትም ከ100 አንዱ ይጠፋል እንበል። ብዛቱ 1,000 ሲደርስ ገቢና ወጪ እኩል ስለሚሆን በዚያው ይጸናል። የሚገቡት ወደ 8 ቢቀንሱ ብዛቱ በ800 ይጸናል። የሚገቡት 10 እንደሆኑ ቀርተው ከ80 አንዱ ቢጠፋም ውጤቱ ያው 800 ነው።

የዚህ ዓይነት ጥያቄ በአገራችንም ተነሥቷል። በ1994 የተቋቋመው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በ1999 ባወጣው ጥናት (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ቫይረሱ በደማቸው የሌለ 142 ጤነኛ ኢትዮጵያውያን አማካይ የሲዲ4 ብዛት በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 775 ሲሆን የኔዘርላንድስ ደም ለጋሾች 993 ሆኖ ተገኝቷል። በዚያው ዓመት በወጣ ሌላ ጥናት፣ በኢትዮጵያውያኑ ደም ውስጥ ከጀርም ጋር ገና ያልተገናኙ ሕዋሳት አንሰው፣ ለሥራ የነቁት ደግሞ በዝተው ታይተዋል። ይሁን እንጂ ብዛቱ ያነሰው የሚገቡት ስላነሱ ነው ወይስ የሚጠፉት ስለበዙ የሚለውን የአንድ ቀን ቆጠራ ሊወስን አይችልም። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ቫይረሱ ያለበት ሰው ሁሉ ሕክምና እንዲጀምር እስካሳሰበበት ጊዜ ድረስ፣ መድኃኒት የሚጀመርበት ጊዜ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ቆጠራ ነበርና።

ሁለቱን 800ዎች ለመለየት አንዱ ብልሃት ገቢውን አቁሞ መመልከት ነው። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ከ10 ቀን በኋላ በመጀመሪያው 724፣ በሁለተኛው 705 ያህል ይቀራሉ። አላን ፔረልሰን፣ ዴቪድ ሆና ባልደረቦቻቸው በ1996 ባወጡት ጥናት ተመሳሳይ ዘዴ በኤድስ ቫይረስ ላይ ተጠቅመዋል። ለ5 ሕሙማን ተላላፊ አዲስ ቫይረስ እንዳይፈጠር የሚያግድ መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ፣ ብዛቱ የቀነሰበትን ፍጥነት ከቀመራቸው ጋር አስተያዩ። ረግቶ ይታይ የነበረው ብዛት በየቀኑ 10 ቢሊዮን ያህል ቫይረስ የሚፈጠርበትና የሚጠፋበት ሆኖ ተገኘ። የተያዘው ሕዋስ ዕድሜም በአማካይ 2.2 ቀን ብቻ ነበር። በሽታው ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ሲቆይ ቫይረሱ አንቀላፍቶ እንዳልነበር በዚህ ታወቀ።

እርግጥ ሞዴል በቀመሩ ውስጥ ያልገባውን ነገር አያውቅም። ለምሳሌ ሕዋሳት ራሳቸው እየተከፈሉ እንደሚበዙ ከላይ ያለው ቀመር ለይቶ አላሳየም። ስለዚህ ውጤቱ ዘወትር ከልኬት ጋር መመሳከር ይኖርበታል።

የሂሳብና የሥነ ሕይወት መምህራን ይህን ስሌት በእርሳስና በወረቀት ሊያሠሩት ይችላሉ፤ ኮምፒዩተርም የሚያከናውነው ይህንኑ ስሌት በብዙ ሺህ ጊዜ ደጋግሞ ነው። ዕቅድ አውጪም የተማሪዎችን ድምር በሚመረምርበት ጊዜ ከጎኑ የገቡትንና የወጡትን የሚያሳዩ ሁለት ዓምዶች ሊጠይቅ ይገባዋል።