የፎገራ መንገድና የሐምሌ ፀሐይ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ወረታ ላይ ሲደርስ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚሄደው መንገድ ይገነጠላል። ሩዝ የጫነ አይሱዙ፣ ባጃጅ፣ ጋሪና ከብት በዚሁ መስመር ይተላለፋሉ። ክረምት ሲገባ ደግሞ የጉማራና የርብ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል፤ የነሐሴ 1998 ዓ.ም. ጎርፍ ብዙ የፎገራ ቤተሰቦችን ከቀያቸው አፈናቅሏል።

ዓለም ላይ ተሽከርካሪዎች እርስ በርሳቸውና ከመንገዱ ጋር በሬዲዮ መነጋገር ጀምረዋል። አሜሪካ ለዚህ አገልግሎት በ5.9 ጊጋኸርዝ አካባቢ ሞገድ የመደበችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነበር። ፎገራን የሚጠቅማት ግን ያለ ሹፌር የሚሄድ መኪና አይደለም። ከድልድዩ በላይ የወንዙን ከፍታ የሚለካ መሣሪያ፣ መንገድ ዳር የቆመ ሬዲዮ፣ ሹፌሩ ገና ሩቅ ሳለ «ውሃ መንገዱን ዘግቷል» የሚል ምልክት ይበቃታል።

ኃይሉ ከየት ይምጣ? የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ ነው፤ የጣናን ውሃ የሚጠቀመው የበለስ ጣቢያ ብቻውን 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ችግሩ ወንዙን የሚሞላው ዝናብና ነፋስ የመብራት ምሰሶውንም መጣሉ ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው የራሱ ሶላር ያስፈልገዋል።

እናስላው። 15 ዋት የሚወስድ ሬዲዮ በቀን 360 ዋት ሰዓት ይበላል። ባለ 100 ዋት ሶላር በጥር የ6 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ያህል ቢያገኝ፣ ብክነቱ ተቀንሶ ወደ 420 ይሰጣል፤ ይተርፋል። ደመና በከበደበት የሐምሌ ቀን 2 ሰዓት ያህል ብቻ ቢያገኝ ግን የሚሰጠው 140 ነው። ጎርፉ በሚመጣበት ሳምንት ሬዲዮው ይጠፋል ማለት ነው። ሶላሩ እጥፍ ቢሆን 280 ይደርሳል፤ የጎደለውን ባትሪ ይሞላዋል። 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ሊቲየም ባትሪ ምንም ሳይሞላ እንኳ ሬዲዮውን ሦስት ቀን ያቆየዋል።

ፍጆታውንም መቀነስ ይቻላል። ሌሊት መኪና ሲሳሳ ሬዲዮው በከፊል ያሸልባል። የውሃ መለኪያው ግን ፈጽሞ መተኛት የለበትም፤ ደግነቱ የሚወስደው ኃይል ከአንድ ዋት በታች ነው፤ ከፍታው ከልኩ ሲያልፍ ሬዲዮውን ይቀሰቅሳል።

እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ሁሉ ሻጩን የዓመቱን አማካይ ሳይሆን የሐምሌንና የነሐሴን ስሌት እንዲያሳየው ይጠይቀው።