የአውሮፕላን አብራሪዎች የሕመም ፈቃድና የመሥሪያ ቤት ደንብ

በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሕመም ፈቃድ የሠራተኛው መብት ነው፤ ሊወስደውም ሊተወውም ይችላል። አንድ ጸሓፊ ራሱን እያመመው ወደ ቢሮው ቢመጣ፥ ባልደረባውን በጕንፋን ከማስያዝና ጥቂት ደብዳቤ ከማሳሳት የበለጠ ጕዳት አያደርስም፤ እንዲያውም አለቃው ታታሪ ነው ብሎ ያመሰግነው ይሆናል። የመንገደኛ አውሮፕላን አብራሪ ግን ይህ ምርጫ የለውም። በአሜሪካ የአቪዬሽን ደንብ ክፍል 61 ቍጥር 53 መሠረት፥ የጤና ምስክር ወረቀቱ የተሰጠበትን ደረጃ የሚያጓድል ሕመም እንዳለበት የሚያውቅ፥ ወይም ለማወቅ የሚያበቃ ምክንያት ያለው አብራሪ መብረር የተከለከለ ነው። ሐኪም የሚመረምረው ዕድሜው ከ40 ዓመት በታች ከሆነ በዓመት አንድ ጊዜ፥ 40 ከሞላው በየስድስት ወሩ ነው። በሁለቱ ምርመራዎች መካከል ባሉት ቀናት ሁሉ ዳኛው አብራሪው ራሱ ነው።

እንግዲህ አብራሪው በሁለት ደንቦች መካከል ቆሞ ይገኛል። የአቪዬሽኑ ሕግ «ከታመምህ አትብረር» ይለዋል፤ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ደግሞ «ብዙ ጊዜ ከቀረህ ትጠየቃለህ» ይለዋል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱ የሚጋጩበትን ስፍራ ለመመርመር የቀረበ ነው።

በመጀመሪያ፥ ተራ ጕንፋን ለአብራሪ ከባድ ነገር የሚሆንበትን ምክንያት ማስረዳት ያስፈልጋል። አውሮፕላን በከፍታ ሲበር በውስጡ ያለው የአየር ግፊት፥ ቢበዛ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር እንዲተካከል ሆኖ ይጠበቃል፤ ይህም የአዲስ አበባን ከፍታ ያህል መሆኑ ነው። ወደ ባሕር ጠረፍ ከተማ ሲወርድ ግን ግፊቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይጨምራል። ጤነኛ ሰው ምራቁን በዋጠ ቍጥር፥ ጆሮን ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ ተከፍቶ ግፊቱን ያስተካክላል። በጕንፋን ያበጠ ቱቦ ግን አይከፈትም፤ የጆሮው ታምቡር ወደ ውስጥ ይሳባል፥ ሕመሙም ብርቱ ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜም ታምቡሩ እስከ መቀደድ ይደርሳል። ይህ ሁሉ የሚደርሰው አብራሪው ለማረፍ ሲዘጋጅ፥ ማለት ሐሳቡን መሰብሰብ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው።

መድኃኒት ውጦ መሄድም መፍትሔ አይሆንም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚሸጡት የጕንፋንና የአለርጂ መድኃኒቶች ብዙዎቹ ዳይፈንሃይድራሚን የተባለውን እንቅልፍ የሚያመጣ ቅመም ይዘዋል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ይህን የወሰደ አብራሪ ከመጨረሻው መጠን በኋላ 60 ሰዓት ሳይበር እንዲቆይ ይመክራል። ስለዚህ ማታ አንዲት ክኒን የዋጠ አብራሪ ሁለት ቀን ተኩል ከሥራው ይርቃል፤ ያንኑ ክኒን የዋጠው ጸሓፊ ግን በማግሥቱ እያንቀላፋም ቢሆን ቢሮው ይገኛል። የአብራሪዎች የቀሪ መዝገብ ከቢሮ ሠራተኞች ጋር ተነጻጽሮ «አብራሪዎች ሕመም ያበዛሉ» ሲባል፥ ንጽጽሩ ከመነሻው የተሳሳተ ነው የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። በአውሮፓ አቈጣጠር የካቲት 12 ቀን 2009 ማታ የኮልጋን አየር መንገድ በረራ ቍጥር 3407 ከኒውአርክ ተነሥቶ በኒውዮርክ ግዛት ቡፋሎ አጠገብ ወደቀ፤ በውስጡ የነበሩት 49 ሰዎችና በወደቀበት ቤት የነበረ አንድ ሰው ሞቱ። ረዳት አብራሪዋ የምትኖረው በአገሩ ሌላ ጫፍ፥ በሲያትል አቅራቢያ ነበር፤ ሌሊቱን በሜምፊስ በኩል በሁለት አውሮፕላን ተሳፍራ ጧት ኒውአርክ ደርሳለች። ጕንፋንም ይዟት ነበር። የአብራሪዎቹን ንግግር የሚቀዳው መሣሪያ እንደ መሰከረው፥ ከመነሣታቸው በፊት ለአዛዡ ስትነግረው፥ ሕመሙ ቤቷ ሳለች እንዲህ ተሰምቷት ቢሆን ኖሮ ጨርሶ እንደማትመጣ፥ አሁን ታምሜአለሁ ብትል ግን እስኪሻላት ድረስ በራሷ ገንዘብ ሆቴል መግባት እንደሚኖርባት ገልጻለች።

ይህን ንግግር ይዘው አደጋውን ያደረሰው ጕንፋን ነው የሚሉ አሉ፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ብሔራዊው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2010 ባወጣው ዘገባ ዋናው ምክንያት አዛዡ ለማስጠንቀቂያው መሣሪያ የሰጠው የተሳሳተ ምላሽ መሆኑን ገልጿል፤ የረዳቲቱ ሕመም በሥራዋ ላይ በቀጥታ ያደረሰው ተጽዕኖ ሳይኖር እንዳልቀረም ሳይሆን፥ እንደማይመስል ነው የደመደመው። ለኛ ጥናት የሚጠቅመው የአደጋው ምክንያት ሳይሆን የንግግሩ ይዘት ነው። የታመመች አብራሪ ልብረር ወይስ ልቅር ብላ ስታመዛዝን፥ በሚዛኑ ላይ የተቀመጠው የሆቴል ኪራይ ነበር። ከዚህ አደጋ በኋላ የወጣውና ከጥር 4 ቀን 2014 ጀምሮ የጸናው ደንብ የአብራሪዎችን የዕረፍት ሰዓት አሻሽሏል፤ ስለ ሕመም ቀን ክፍያ ግን የደነገገው የለም፤ ያ ለኩባንያውና ለማኅበሩ ውል ተትቷል።

ኩባንያዎቹም ያለ ምክንያት አይጠራጠሩም። በየካቲት 1999 የአሜሪካን ኤርላይንስ አብራሪዎች፥ ኩባንያው ሪኖ ኤር የተባለውን አየር መንገድ በመግዛቱ ተቈጥተው በብዛት «ታመምን» አሉ፤ ከ6,000 በላይ በረራዎች ተሰረዙ፤ ፍርድ ቤትም ትእዛዜን አልፈጸመም ሲል ማኅበራቸውን 45 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቀጣ። በጥቅምት 2016 በጀርመን የቱኢፍላይ ኩባንያ የድርጅት ለውጥ ማቀዱን ባስታወቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ፥ ብዙውን ጊዜ ወደ 10 በመቶ የነበረው የሕመም ቀሪ በአብራሪዎች ዘንድ እስከ 89 በመቶ ወጣ። እንዲህ ያለ ተላላፊ በሽታ በሕክምና መጽሐፍ አይገኝም።

ነገር ግን በኅብረት የተደረገ ቀሪ በቀኑና በብዛቱ ራሱን ይገልጣል። እርሱን ለመከላከል ተብሎ እያንዳንዱን ቀሪ የሚቈጥር፥ ከተወሰነ ጊዜ በላይ ለቀረ ሁሉ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የሚጽፍ ደንብ ሲወጣ፥ የሚያዘው አድመኛውን ሳይሆን ልጆቹ ጕንፋን ይዘውበት የመጡትን አባት ነው። አድመኛው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይቀራልና።

ጕንፋን እንኳ እንዲህ ከሆነ፥ የአእምሮ ሕመም ምን ያህል ይደበቅ ይሆን? በመጋቢት 24 ቀን 2015 የጀርመንዊንግስ ረዳት አብራሪ አውሮፕላኑን ሆን ብሎ በፈረንሳይ ተራራ ላይ ከስክሶ 150 ሰው ሞተ። ሐኪሞች እንዳይሠራ የጻፉለትን ወረቀት ለኩባንያው አላቀረበም ነበር። የፈረንሳይ መርማሪዎች ለዝምታው ከሰጧቸው ምክንያቶች መካከል የመብረር መብቱን የማጣት ፍርሀትና ፈቃዱን ቢያጣ ገቢውን የሚተካ መድን አለመኖሩ ይገኙበታል። ከዚህ በኋላ የአውሮፓ ኅብረት በ2018 ባወጣው ደንብ፥ አየር መንገዶች አብራሪ ችግሩን በምስጢር ለሥራ ጓደኛው የሚያካፍልበትን የድጋፍ አገልግሎት እንዲያቋቍሙ አስገደደ፤ ደንቡም ከየካቲት 2021 ጀምሮ ተሠራበት።

በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 የታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር ፈቃድ እንዲያገኝ ይደነግጋል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፥ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ወሮች በግማሽ፥ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ። ከአሜሪካ ሕግ ጋር ሲነጻጸር ለጋስ ነው። ነገር ግን የሐኪም ማስረጃ ይጠይቃል፤ አዋጁም የታሰበው ለሠራተኛ ሁሉ ነው። ከጤና ጣቢያ ወረፋ ይዞ የገባን ባለጕንፋን ሐኪሙ የሚጠይቀው ሥራ መሥራት ይችል እንደ ሆነ ነው። አብራሪው ግን ሐኪሙ ዘንድ የሚያደርሰው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ነገ ከ10,000 ሜትር ሲወርድ ጆሮው ይከፈት እንደ ሆነ።